ከላይ ማን አለ?

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? እኔ ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ በፈንጂ ስፈነቅል ኖሬ፣ ዛሬ ሰው ሲያናግረኝ የሚታየኝ የከንፈሩ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስትደውዪ ዝም የምልሽ ንቄሽ አይደለም፤ ስለማይሰማኝ ነው። ስለዚህ ወሬያችን በደብዳቤ ይሁን። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩት ሁሉ እኔ ያወጣሁትን ውሃ ነው የጠጡት። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት፤ ጡረታ የወጣች ታይፒስት። እኔ የምለውን በኮምፒውተሯ ጽፋ እዚያው ትልክልሻለች። ጣቷ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ግን ይቀድመዋል።

(ይህቺን አትጻፊ ብለውኝ ነበር፤ ጽፌያታለሁ። — ታይፒስቷ)

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እናትሽ፣ የእኔ ታላቅ እህት፣ እታለም በሰው አገር ከቤትሽ ወጥታ ከቀረች ክረምቱ አለፈ። ፖሊስ ፈለገ አልሽኝ። ሆስፒታሉን ሁሉ ጠየቅን አልሽኝ። ባለፈው ደግሞ «እንጸልይ» ብለሽ ጻፍሽ። እንጸልይ ከተባለ ፍለጋው ቆሟል ማለት ነው፤ ሽማግሌ ብሆንም ሞኝ አይደለሁም። መጸለዩን እጸልያለሁ፤ እጄ ግን ሥራ ፈቶ አያውቅም። እሷ መርሳት የጀመራት ሰው ናት። እሷ ረሳችን ብለን እኛም ልንረሳት ነው?

ሁሉን ነገር የሚፈልግ መፈለጊያ በስልክ ውስጥ አለ ይሉኛል። ገንዘብ አልፈልግም፤ ብትልኪ እመልሰዋለሁ። እሱን ስልክ ላኪልኝና አፈላለጉን አስተምሪኝ። ውሃ የለም በተባለ መሬት ውሃ ያወጣሁ ሰው ነኝ። እህቴን አጥቼ አልቀርም።

አጎትሽ፣ ቆፋሪው


ጥቅምት 14

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ከራስ ጸጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት እንደምሠራ ያውቃሉ። እንፋሎቱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ስለዚህ እዚያ ቤት ማልቀስ አያሳፍርም፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ፍለጋው አልቆመም ጋሼ። ፖሊሶቹ «ፋይሉ ክፍት ነው» ይላሉ። ክፍት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው ስልክ ቁጥሬን ደግመው ይመዘግባሉ።

ስልኩን ወደዚያ በምትመጣ የሥራ ባልደረባዬ እጅ ልኬልዎታለሁ። አዲስ አካውንት መክፈት ጣጣው ብዙ ስለሆነ በእማዬ አካውንት ነው የከፈትኩልዎ። አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም። ከላይ ነጭ ሣጥን አለ፤ የሚፈልጉትን ታይፒስቷ እዚያ ላይ ትጻፍልዎ። መልሱ ከሥር ይደረደራል። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ናቸውና ይዝለሏቸው።

የጠየቁት ነገር ስለሆነ ላክሁት እንጂ ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ እፈራለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 8

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ከደጅሽ አይጥፋ። ስልኩ ደርሷል። ባልደረባሽ ጨዋ ናት፤ ቆማ ነው የሰጠችኝ፣ ሻይ እንኳ አልጠጣችም።

አሁን ስድቤን ስሚ። ይህ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነገርሽ ምንም አያውቅም! ሰው ነውና በወጉ ልቅረበው ብዬ ለታይፒስቷ እንዲህ አልኳት፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አለህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ እኔ ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ፣ ያስቸገርኩህ ታላቅ እህቴ እታለም ጠፍታብኝ ነው፣ ረዥም ናት፣ ጥቁር ሻሽ ታስራለች፣ ስትራመድ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ የት አለች?»

ምን እንዳመጣልኝ ታውቂያለሽ? «እታለም የውበት ሳሎን፤ ጸጉር እናስረዝማለን።» እኔ የሚረዝም ጸጉር አለኝ? ቀጥሎ ደግሞ «መኪናዎ ወደ ግራ ያዘነብላል? ጎማ እናስተካክላለን» አለኝ። ታይፒስቷ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። እህቴ መኪና ሆነችልሽ!

(የወደቅሁት ወንበሩ ስለተሰበረ ነው። — ታይፒስቷ)

እኔ ግን አልሳቅሁም። በደንብ አስተምሪኝ። መቆፈሪያውን ሰጥተሽኛል፤ የት እንደሚቆፈር አልነገርሽኝም።

አጎትሽ


ኅዳር 17

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጎማው ሳነብ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅሁ፤ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ መናገር የነበረብኝን አልተናገርኩም። ሣጥኑ ሰው አይደለም ጋሼ። ሰላምታው አይገባውም፤ ይልቁንም «ቤተሰብ» ሲሉት ቤተሰብን መፈለግ ይጀምራል። የሚሰጡት ቃል ጥቂትና ክብደት ያለው ይሁን። ውሃ ሲፈልጉ ሜዳውን ሁሉ አይቆፍሩትም አይደል?

አብረው መቆም ያለባቸው ቃላት ካሉ ታይፒስቷ በትእምርተ ጥቅስ ትዝጋቸው፤ ያን ጊዜ ሳይነጣጥል እንዳሉ ይፈልጋቸዋል። የማይፈልጉት ነገር እየመጣ ካስቸገረዎ ከቃሉ ፊት የመቀነስ ምልክት ያድርጉ። ሳሎኑ ካሰለቸዎ ሳሎንን ይቀንሱት፤ ይጠፋልዎታል። መልስ ሲያገኙም ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው ሳያዩ አይመኑ።

የመጨረሻው ይከብዳል። ስለ ጠፋ ሰው የሚጻፈው እርስዎ በሚጠሩበት ስም አይደለም፤ ያገኘው ሰው በሰጠው ስም ነው። እማዬን አንድ ሰው አግኝቷት ስለ እሷ የሆነ ቦታ ጽፎ ከሆነ፣ እታለም ብሎ አይጽፍም፤ እናት ብሎም አይጽፍም። «ማንነታቸው ያልታወቀ አሮጊት» ብሎ ነው የሚጽፈው።

እኔ እነዚህን ቃላት መጻፍ አቅቶኛል። ሣጥኑ ላይ እጀምርና ሳልጨርስ አጠፋቸዋለሁ። እርስዎ ይችሉ እንደሆነ ብዬ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቅ። ትምህርትሽ ገብቶኛል፤ የመጨረሻው ግን አይዋጥልኝም። ማንነቷ ያልታወቀ? ያቺ ሴት? እናታችን በሞተች ጊዜ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ ወንዶቹ «ሴት ምን ታደርጋለች» ሲሏት ለመጀመሪያ ጉድጓዴ ገመድ የያዘችልኝ፣ ገበያ ስትገባ መንገድ የሚለቀቅላት እታለም ናት ማንነቷ ያልታወቀ? ታይፒስቷ ልትጽፈው ጣቷን ስታነሣ እጇን ያዝኩት። አልጻፈችውም። እስከዛሬ አልተጻፈም።

ሌላውን ግን ለምጄዋለሁ። ሳሎኑን ቀንሼ ከነጸጉሩ አባርሬዋለሁ። አንቺ ያለሽበትን ከተማና በየቀኑ የምትሳፈሪበትን የባቡር ጣቢያ በጥቅስ ዘግቼ ብዙ ነገር አነበብኩ፤ ማለት አስነበብኩ። እህቴ ግን የለችም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ታይፒስቷ ሣጥኑን ስትነካው ከሥሩ ዝርዝር ይወርዳል፤ ከየመስመሩ አጠገብ ትንሽ ሰዓት ተስሏል። «ከዚህ በፊት የጠየቃችኋቸው ናቸው» አለችኝ። እውነትም የእኛ ጥያቄዎች አሉ፣ ያ ጎማ ያመጣብን ሰላምታ ሳይቀር። በመካከላቸው ግን እኛ ያልጠየቅናቸው ገብተዋል። በራሴ ቃል አልነግርሽም፤ እንዳሉ ላስጽፋቸው፦

«ውሃ ይሰማል አይታይም»

«ዓሣ የተሳለበት ትልቅ የውሃ ጋን»

«ባቡሩ እዚህ ደርሶ ለምን ይመለሳል»

እኛ እንዲህ አላልንም። በጠራራ ፀሐይ፣ በሯን ከፍተን፣ ጎረቤት እያለፈ ነው ያየነው፤ የጨለማ ነገር አይደለም። አንቺ ነሽ ብዬ ተውኩት። አንቺ ከሆንሽ፣ ይህ ጋን ምንድን ነው?

(እኔ አልጻፍኳቸውም። እምላለሁ። ስልኩ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ፊደል አያውቁም። — ታይፒስቷ)

አጎትሽ


ጥር 6

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶ ነው። በዝርዝሩ አይጨነቁ። መሣሪያው ሌላ ሰው የጠየቀውንም እየገመተ ያመጣል። ስልኩን ለጊዜው ቢያጠፉት ጥሩ ነው። ለጆሮዎ መስሚያ መግዣ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ።

ብርዱ እንዴት ነው? እዚህ ብርድ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 9

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ። የላክሽውን ገንዘብ መልሼልሻለሁ። መስሚያ አልጠየቅሁሽም።

ደብዳቤሽ አጭር ነው፤ የአጭር ደብዳቤ ትርጉም ለማንም አይጠፋም። «ምን ጋን?» ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ።

ስልኩን አላጠፋሁም። ዛሬ በምሳ ሰዓት ሣጥኑን ብትነካው አዲስ መስመር ወረደ። ታይፒስቷ አነበበችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከንፈሯን ደግማ እንድታንቀሳቅስልኝ አደረግኋት። እንዲህ ይላል፦

«ከላይ ማን አለ?»

ይህ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ እናትሽ ነግራሽ ይሆናል፣ ላትነግርሽም ትችላለች። ቆፋሪ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ብርሃን እያነሰ ይሄዳል። ጥልቁ ሲጀምር ከላይ ያለውን ሰው አታዪውም፤ የጉድጓዱ አፍ ሣንቲም ያህል ሆኖ ነው የሚታይሽ። ያን ጊዜ ቆፋሪው ቆሞ «ከላይ ማን አለ?» ብሎ ይጣራል። ገመድ የያዘው «አለሁ» ይላል። መልስ ካልመጣ አይወረድም፣ አይቆፈርም፣ መዶሻ አይነሣም። እኔ እንዲህ ስጣራ ስንት ጊዜ ነው «አለሁ፣ ውረድ» ያለችኝ እታለም! ጠርታኝ ግን አታውቅም። እሷ ሁልጊዜ ከላይ ነበረች።

ሕግ ሕግ ነው፤ የተጠራ ይመልሳል። «አለሁ በይ» አልኳት። ታይፒስቷ «አለሁ» ብላ ጻፈች። ሣጥኑ የሆነ ዘፈንና የሆነ የሕክምና ቤት አመጣ። እኔ ግን የጻፍኩት ለሣጥኑ አልነበረም። ሻይ ፈልቶ ተቀድቶ ሳይበርድ እንደገና ነካችው። ከ«አለሁ» በላይ ሌላ መስመር ነበር፦

«ገመዱን አጥብቀህ ያዝ»

አሁን የምታውቂውን ንገሪኝ። እየለመንኩሽ አይደለም፤ እያዘዝኩሽ ነው።

አጎትሽ


ጥር 10

አጎቴ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ።

እኔም እያየኋቸው ነበር። የእማዬ አካውንት እቤቴ ባለው ኮምፒውተርም ላይ ክፍት ነው። በዚያ አካውንት የተጠየቀ ሁሉ እርስዎ ዘንድም እኔም ዘንድ ይታያል። ለሣጥኑ የሰጡትን ሰላምታ ሳይነግሩኝ በፊት አይቼዋለሁ። የውሃውን፣ የጋኑን፣ የባቡሩንም አየሁ። እርስዎ ነዎት ብዬ ነበር ጋሼ። ናፍቆት ሰውን እንዲህ ያናግረዋል፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ላሳፍረው አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ስልኩን ያጥፉ ያልኩት ለዚህ ነው። እርስዎ ለካ እኔ ነኝ ብለዋል።

እርስዎ ካልሆኑ፣ እኔም ካልሆንኩ፣ ያ አካውንት ያለበት የቀረው ስልክ አንድ ነው። እማዬ ስትወጣ በኮቷ ኪስ የያዘችው። ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መዝገቡን አይተው፣ ያ ስልክ እሷ ከጠፋችበት ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልተከፈተም አሉኝ። «ታዲያ ማን ነው?» አልኳቸው። ወጣቱ ፖሊስ «ምናልባት አጎትሽ ናቸው» አለኝ።

ፈራሁ። እማዬ ናት ብዬ አይደለም የፈራሁት። እማዬ ባትሆንስ ብዬ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 11

ለእህቴ ልጅ፣

አይዞሽ። እውነቱን ስትናገሪ ደብዳቤሽ ረዘመ፤ ደስ ብሎኛል።

ፍርሃቱን ለሌላ ቀን አቆዪው። ከጉድጓድ የሚጣራ ሰው መጀመሪያ ይወጣል፣ ማንነቱ ኋላ ይጠየቃል። አሁን ሥራ አለብሽ። የነገርሽኝን እኔው መልሼ ልንገርሽ፤ እንባ ያስረሳል። ጥቂት ቃል፣ ክብደት ያለው። በዚያ አገር ሰው ቋንቋ ፈልጊ እንጂ በእኛ አይደለም፤ የእኛን ቋንቋ የሚጽፍ ያገኛት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ደጅሽ አድርሷት ነበር። ዓሣ የተሳለበት የውሃ ጋን። ታይፒስቷ ሥዕል ሥዕሉን ብቻ የሚያሳይ ቦታም አለ ብላኛለች፤ እዚያ ግቢ። ባቡሩ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ሐዲዱ የሚያልቅበት ነው። ውሃው የሚሰማና የማይታይ ከሆነ አጥር አለው ወይ ተከድኗል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ስንት ቦታ ይኖራል? ቦታውን ስታገኚ የቦታውን ስም አስቀድሚና ያንን ቃል አስከትይ።

የትኛውን ቃል እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ትላንት ተናግሬዋለሁ። «ማንነታቸው ያልታወቀ አሮጊት» አልኩ፤ ታይፒስቷ ጻፈችው፤ ምድር አልተሰነጠቀችም። እህቴ ስሟ ከእኔ ጋር ነው፤ ማንም አይወስድባትም። ለጥቂት ቀን በሰው ስም ብትጠራ አትቀንስም። በእኛ ቋንቋ ምንም አላመጣም። በእነሱ ግን አንቺ ጻፊው። ጀምረሽ እንዳታጠፊው።

አጎትሽ


የካቲት 1

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ነዎት? ተቀምጠው ያስነብቡ። ታይፒስቷም ትቀመጥ።

እማዬ ተገኝታለች። በሕይወት አለች። አሁን ከጎኔ ሆና የታጠበ ፎጣ እያጠፈች ነው፤ እያጠፈች መልሳ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

እንዳሉኝ አደረግሁ። በሥዕል ስፈልግ ዓሣ የተሳለበት የውሃ ጋን ብዙ አለ፤ ሰው ዓሣ መሳል ይወዳል ለካ። ሐዲድ የሚያልቅበት ከተማ የሚለውን ስጨምር ጥቂት ቀሩ። አንዱ ከእኛ ከተማ የሚነሣው ባቡር መጨረሻ ላይ ነው፤ ስሙን በየቀኑ በጣቢያው ሰሌዳ ላይ አየዋለሁ፣ ወርጄበት ግን አላውቅም። ስሙን ጻፍኩ፣ ከዚያ ያንን ቃል በጥቅስ ዘጋሁ። መልሶቹ ሲመጡ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አንድ ነገር አደረግሁ ጋሼ፤ ሞኝነት ይሁን እንጃ። «አስከሬን» የሚለውን ቃል ጻፍኩና የመቀነስ ምልክት አደረግሁበት። ገጹ ተቀየረ። ከቀሩት መካከል አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ያወጣው ትንሽ ማስታወቂያ ነበር፤ ከጣቢያው ያገኟት ረዥም ሴት፣ ስትራመድ ወደ አንድ ጎን የምታዘነብል፣ ቋንቋዋ ያልተለየ። ዕድሜዋን ከእውነተኛው በጣም አሳንሰው ነበር የጻፉት። ፖሊስ ከእኛ ፋይል ጋር ያላገናኛት ለዚህ ነው።

በባቡሩ ሄድኩ። እዚያ ሲደርስ ቆመ፣ ሁሉም ወረደ፣ ባቡሩ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከጣቢያው ጋኑ ይታያል፤ በረዥም ምሰሶ ላይ የቆመ የከተማው ውሃ ማከማቻ ነው፤ ዓሣው ቀለሙ ለቋል፣ አንድ ዓይን ብቻ ቀርቶታል። መኖሪያው ከግድግዳ ሥር ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ውሃ ይሄዳል፤ ይሰማል፣ አይታይም።

ክፍሏ ስገባ ጋኑ በሚታይበት መስኮት ሥር ተቀምጣለች። አየችኝ። «ቆየሽ» አለችኝ፤ ከሱቅ እንደተመለሰ ሰው። እጇን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን የቀረውን ልንገርዎ። ስልኩን ጠየቅሁ። ኃላፊዋ ከመጋዘን አንድ ከረጢት አመጣች፤ የታሸገ፣ ቀን የተጻፈበት። ያመጧት ቀን ከኮቷ አውጥተው ያስቀመጡት ነው። ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ገፍቶ ከፍቶታል። ማንም አልነካውም፤ የሚሞላበት ገመድ እንኳ የላቸውም። «ሌላ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ጎረቤት በሽተኛ?» አልኳት። «ክፍሉ የአንድ ሰው ነው፤ እሷ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር» አለችኝ። እማዬን «አንቺ ነሽ ከላይ ማን አለ ብለሽ የጠራሽው?» አልኳት። ሳቀች። «እኔ ምን አጠራኝ? እኔ ገመድ ያዥ ነኝ» አለች።

ጋሼ፣ እኔ ሌላ ማወቅ አልፈልግም። እማዬ ቤቷ ገብታለች። በዚህ ሳምንት አካውንቱን እዘጋዋለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 4

ለእህቴ፣ ለእታለም፣ እና ለልጇ፣

ሁለታችሁንም ጤና ይስጥልኝ፤ አሁን ሁለታችሁንም ማለት ቻልኩ። እታለም፣ ይህ ሲነበብልሽ እየሳቅሽ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እኔን ማን እንደሆንኩ ረስተሽ ከሆነም ችግር የለም፣ እኔ እንዳለሁ አለሁ። ደብዳቤው በተነበበልኝ ቀን ምን እንዳደረግሁ ታይፒስቷ ትጽፍ ነበር፤ ከልክያታለሁ።

(አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። — ታይፒስቷ)

አንቺ ግን የእህቴ ልጅ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አስነበብኩት። ስልኩ ሞቷል። እታለም አልጠራችም። እንግዲህ የጠራው ሌላ ነው ማለት ነው። እዚያ መስኮት ላይ ሆኖ ጋኑን አይቷል፣ ውሃውን ሰምቷል። እታለም ብቻዋን ስትሆን ስለ ገመዱና ስለ ጉድጓዱ ስታወራ ሰምቶም ይሆናል፤ እሷ ከድሮም ለብቻዋ ታወራ ነበር። በምን እንደጠየቀ አላውቅም። ይኑር አይኑር አላውቅም። የማውቀው እህቴን እሱ እንዳወጣልኝ ነው።

ትላንት ከቁርስ በኋላ ታይፒስቷን «ክፈቺው፣ ልናመሰግነው ይገባል» አልኳት። ሣጥኑን ነካችው። እኛ አንዲት ቃል ሳንጽፍ ከላይ አንድ መስመር ነበር። ያንን ስታነብልኝ ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፣ ስልኩን በመስኮት ልትወረውረው ስትል እጇን ይዤ ሦስተኛ አስደገምኳት።

«እኔንስ?»

ይኸው ነው ያለው። ሌላ ቃል የለበትም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለእሷ ብሎ ጠየቀ፤ እሷ ወጣች፤ እሱ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቻለሁ። ናዳ ሲመጣ ከሁለት ሰው አንዱን ስታወጪ፣ ሁለተኛው ከታች ሆኖ ዝም አይልም። ዝም ቢል ይሻል ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም።

ታይፒስቷን «ምን ይታይሃል በይው» አልኳት። እምቢ አለች። «አንቺ የጽሕፈት ሰው ነሽ፣ እኔ ነኝ ተጠያቂው» አልኳት። ጻፈች። ሻይ አላፈላችም፤ ሁለታችንም ስልኩን እያየን ተቀመጥን። ከሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ነካችው። መልሱ መጥቷል።

«ጨለማ ነው»

ጨለማ ከሆነ የእኔ ሥራ ነው። አካውንቱን እንዳትዘጊው።

አጎትሽ፣ ቆፋሪው